በጥርስ የተሰማ ድምፅ

መካኒኳ ከአንዲት ፒካፕ ሆድ ስር በጀርባዋ ተንጋላ ዘይት ስታፈስስ ነው፣ ታላቅ ወንድሟ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ በስልክ የሚያወራው ጆሮዋ የገባው። መጀመሪያ ልብ ብላ አላዳመጠችውም። የመለዋወጫ ነጋዴ ነውና ድምፁ ከእቃው ቀድሞ ገበያ ይደርሳል፤ ስልክ ሲያወራ ማዶ ያለው ሰው ያለ ስልክም የሚሰማው ነው የሚመስለው። «አባቴ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ግን እጇ ቡሎኑ ላይ እንዳለ ቀረ። «ዛሬ ረፋዱ ላይ አንድ የምትንኳኳ አሮጌ መኪና አመጣበታለሁ» አለ ወንድሟ። «ምኗን እንደታመመች ትንፍሽ አልልም። እንደ ድሮው በጆሮው ካገኘው አፌን ይዤ ቁጭ እላለሁ። ካላገኘው ግን በቃ፣ ቁልፉን ዛሬውኑ እቀበለዋለሁ። አንተም ጎማህን ነገ ታስገባለህ።» ከመኪናው ስር የሚታያት ጫማው ብቻ ነው፤ የተወለወለ ጫማ፣ ዘይት እንዳይነካው ጭቃ ላይ እንደቆመች ድመት አንዱን እያነሳ ሌላውን የሚጥል። ዘይቱ ከሳህኑ ሞልቶ ክንዷን እስኪያርሰው ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።

በሰፈሩ አባቷን በስማቸው የሚጠራ ሰው የለም። ሹፌሩም፣ ባለሱቁም፣ የጎረቤቱ አናጢም «ጋሽ ጆሮ» ነው የሚላቸው። መኪናው ገና ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ «የውሃ ፓምፕህ ሊለቅ ነው» ብለው በሩ ላይ የሚቀበሉ ሰው ነበሩ። አሁን ያ ጆሮ የለም። መቼ እንደሄደ በውል የሚናገር አይገኝም፤ እንደ ራስ ፀጉር እየሳሳ እየሳሳ ነው የሄደው። ቤተሰቡ ውስጥ «አባዬ፣ አይሰማህም እንዴ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም፣ እሳቸውም «አልሰማሁም» ብለው አያውቁም። ብቻ አንድ ቀን ደንበኛ ፊት ግራ ሲገባቸው አየችና፣ ድምፁ ከላይ ከቫልቮቹ በኩል እንደሚመጣ ሰምታ ነበርና፣ ልጃቸው የእጅ መጥረጊያ ጨርቋን ቀኝ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። አባቷ ጨርቁን አዩ፤ ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ከላይ ነው፣ ከቫልቭ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቁ ትከሻ ላይ ከሆነ ከላይ፣ ወገብ ላይ ከታሰረ ከታች፣ ኪስ ከገባ ደግሞ ምንም የለም ማለት ሆነ። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረው አያውቁም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በእነሱ ቤት ግን ዝንቡ ከገባ ቆይቷል፣ አፉ ነው እንደተዘጋ የቀረው።

ከጋራዡ ጀርባ ያለችው ክፍል ቢሮም ምግብ ቤትም ናት። ከተጣለ ሚኒባስ የተነቀለ የኋላ ወንበር ሶፋ ሆኖ ተቀምጦባታል፤ የተቃጠለ ፒስተን እስክሪብቶ ይይዛል፤ ግድግዳው ላይ ዓመቱ ያለፈበት የዘይት ሻጮች ካላንደር ተንጠልጥሏል፤ ሥዕሉ ያምራልና የሚያወርደው አልተገኘም። ወንድሟ የዛን ዕለት ጠዋት ትኩስ ዳቦ ገዝቶ ገባ። ዳቦውን ቆርሶ መጀመሪያ ለአባቱ ሰጠ፣ ሻይ ቀዳላቸው፣ ስኳር እንኳ አማሰለላቸው። በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው እንዲህ ያለው ጠዋት ታይቶ መሆን አለበት። «የፍሬን ሸራ እንደገና ጨመረ፣ አባዬ» አለ ድምፁን ሳያነሳ፤ ስልክ ላይ የሚያወጣውን ድምፅ ሩቡን እንኳ አላወጣውም። «በአምናው ዋጋ ሙሉውን ይገዛ የነበረው ዘንድሮ ለግማሹም አይበቃም።» አባትየው ሻያቸውን ፉት አሉና «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አሉ። ወንድሟ ወደ እሷ ዞሮ አያት። እሷ ዳቦዋን በጣቶቿ መሀል ስታድበለብል ቆየች፤ ዳቦው በእጇ ዘይት ጠቁሮ ወደማይበላ ነገር ተለወጠ።

ጋራዡ የአባቷ ልፋት ነው፤ ውሉ ግን በወንድሟ ስም ነው። አንድ ጊዜ አባቷ ታመው ሆስፒታል ሲተኙ «ለማንኛውም» ተብሎ ወደ ልጁ የዞረ ውል፣ እሳቸው ድነው ሲነሱም ለማንኛውም እንደሆነ ቀረ። ከተዘጋ እሷ ሌላ ጋራዥ ሄዳ ሥራ መጠየቅ አለባት፤ ሴት መካኒክ ስትመጣ የሚሏትንም ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥሎ ሻይ እንድታፈላ ይጠይቋታል። እሱንስ ትችለው ነበር። የማትችለው አባቷ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የማይሰሙትን ቴሌቪዥን ሲያዩ ማየትን ነው። 

ልትነግራቸው ሞከረች። አባቷ ሞርሳው ላይ ብረት አስረው ይሞርዳሉ። ከኋላቸው ቆማ «አባዬ» አለች። ሞረዱ አልቆመም። ጠጋ ብላ ደገመችው። እንዲሰሟት ከተፈለገ መጮህ አለባት፤ በግራ ያለው አናጢና በቀኝ ያለችው ልብስ ሰፊ ደግሞ ከጋራዡ የሚለያቸው ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ወንድሟም በር ላይ አለ። ከሁሉ በላይ ግን ጩኸቱ ራሱ ንግግር ነው፤ አባቷ ጆሮ ላይ የጮኸች ዕለት «ደንቁረሃል» እንዳለቻቸው ይቆጠራል። ስለዚህ ዞራ ከፊታቸው ቆመች። «ምን ሆንሽ?» አሏት፤ ዓይናቸው ከንፈሯ ላይ ነው። «ምንም። ወንድሜ አሮጌ መኪና ይመጣል ሲል ሰማሁ» አለች። «ይምጣ» አሉ እየሳቁ። «አሮጌን አሮጌ ያውቀዋል።» ወጥመድ እንደሆነ፣ እሳቸው ሊፈተኑ እንደሆነ መናገር ፈልጋ አፏን ከፈተች፤ ሳቃቸውን አየችና ዘጋችው። ጨርቋ መኖሩን ኪሷን ዳብሳ አረጋገጠች፤ ሌላ መሣሪያ አልነበራትም።

መኪናዋ ረፋድ ላይ መጣች። ቀለሟ የደረቀ ሰናፍጭ ይመስላል፤ ክብ ክብ መብራቶቿ ነገር እንዳስገረመው ሰው ዓይን የፈጠጡ ናቸው፤ ባለቤቷ በየቀኑ ጨርቅ ይዞ እንደሚዞራት የሚያብረቀርቀው ኒኬሏ ይናገራል። ባለቤቷ የጥርስ ሐኪም ነው፣ ጎልማሳ፣ ሰው ሲያናግረው መጀመሪያ አፉን የሚያይ። መኪናዋን ገና ሳያጠፋ ወረደና ለአባቷ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። «ጋሽ ጆሮ፣ ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ። ይቺን መኪና ሁለት ጋራዥ ወስጃት...» ሲል ወንድሟ ክንዱን ያዝ አደረገው። «ዶክተር፣ ምንም አይንገሯቸው። እሳቸው ሲነግሯቸው አይወዱም፣ ራሳቸው ነው የሚሰሙት» አለ ፈገግ ብሎ። ሐኪሙ ተጨዋች ሰው ነውና ነገሩን እንደ ጨዋታ ወሰደው፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደኋላ ቆመ።

ኮፈኑ ተከፈተ። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በዝግታ፣ እየተንገዳገደ ይሠራል፤ በሥራው መሀል ግን በቀለበት ጣት በር የሚያንኳኳ እንግዳ ያለ ይመስል ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። መካኒኳ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ከላይ ነው። ከክዳኑ ስር ቫልቮቹን የሚጫኑት ትንንሽ የብረት ክንዶች አሉ፤ በክንዱና በቫልቩ መሀል እንደ ወረቀት የሳሳ ክፍተት መኖር አለበት፤ ክፍተቱ ከሰፋ ክንዱ በመጣ ቁጥር ቫልቩን በጥፊ ይመታዋል። ድምፁ ቁልጭ ብሎ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር ራስ ላይ፣ ጥርጥር የሌለው ሆኖ ይሰማታል። ትንፋሿ መለስ አለ፤ ቀላል ነው፣ ቡሎን አዙሮ የሚያልቅ ነው፣ ቀኑ ሊያልፍ ነው። አባቷ በሚያዩአት ቦታ ቆመችና ጨርቁን ቀኝ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

አባቷ አዩት። ዓይናቸው ጨርቁ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ እሷ ላይ፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ ተመለሰ። እንደ ወትሮው «ከላይ ነው» ይላሉ ብላ ስትጠብቅ፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ ረጅሟን ካቻቢቴ አነሱ፤ እጀታዋ የእንጨት የሆነች፣ ከሳቸው ሌላ ማንም የማይነካት። ድሮ ጫፏን ሞተሩ ላይ፣ እጀታዋን ጆሯቸው ላይ አድርገው ነበር የሚያዳምጡት። ዛሬም እንደዚያ አደረጉ፤ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ወንድሟ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። አባቷ እጀታዋን ከጆሯቸው አነሱና ቱታቸው ላይ በደንብ አድርገው ጠረጓት። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ጥርሳቸው መሀል ነከሷት፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

«ኧረ ጋሽ ጆሮ፣ ጥርስዎን!» አለ ሐኪሙ፣ ሙያው አላስችል ብሎት። አልሰሙትም። ካቻቢቴዋን ነክሰው ጫፏን ከላይ ክዳኑ ላይ አሳረፉ፣ አነሱ፣ ቀጥሎ ጎንበስ እያሉ ወደ ሞተሩ ጎን፣ ወደ ሆዱ አወረዷት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ጥርሳቸውን የነዘረው ነገር ያለ ይመስል፣ ቅንድባቸው ተንቀሳቀሰ፤ ራቅ አሉ፣ ተመለሱ፤ እዚያው። መካኒኳ እንዲህ ሲያደርጉ አይታቸው አታውቅም። ጨንቋቸው የሚይዙትን የሚጨብጡትን አጥተው ነው ብላ አሰበች። ወንድሟን አየችው፤ ያሸነፈ ሰው ፊት ይኖረዋል ብላ ነበር፣ እሱ ግን መሬት መሬት ያያል።

አባቷ ካቻቢቴዋን ከአፋቸው አወጡ። «ከታች ነው» አሉ። «ካሙ ተበልቷል። የሦስተኛው።»

ካም ማለት በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚዞር፣ ጉብታ ጉብታ ያለበት ዘንግ ነው። ጉብታው ተራው ሲደርስ አንድ ቀጭን ብረት ወደ ላይ ይገፋል፣ ብረቱ ከላይ ያለውን ክንድ ያነሳል፣ ክንዱም ቫልቩን ይጫናል። ካም ተበላ ከተባለ የሞተሩ ሆድ ይከፈታል፣ ራዲያተር ይወርዳል፣ ዘንጉ ተመዞ ይወጣል፤ የሳምንታት ሥራ ነው። ያን ሁሉ ፈትተው፣ ውስጡ ደህና ሆኖ ቢገኝ፣ ጋሽ ጆሮ በሁለት ሰው ፊት አለቀላቸው። ጨርቁን ከትከሻዋ አነሳችና መልሳ ጣለችው፣ በጥፊ የመታችው ያህል ድምፅ አወጣ። አባቷ አዩ፤ ደግሞ አይተው፣ አውቀው፣ ሙሉ ጀርባቸውን ሰጧት። «እርግጠኛ ነህ አባዬ?» አለ ወንድሟ። ጀርባቸው አልመለሰም። «እርግጠኛ ነህ ወይ?» እሷ ያኔ አልቻለችም።

«አይሰማም!» አለች ከሞተሩ ድምፅ በላይ። «ተወው፣ አትጠይቀው፣ አይሰማም! ከላይ ነው፣ ቫልቭ ነው፣ እኔ ነኝ የምነግረው! ሁልጊዜም እኔ ነኝ የምነግረው!» ሐኪሙ ተደናግጦ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ያጠፋው መሀል ላይ ነበር፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጸጥ ባለ ጋራዥ ውስጥ ራቁቱን ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የአናጢው መጋዝ እንኳ ለአፍታ ያቆመ መሰላት። አባቷ መቼ እንደዞሩ አላየችም፤ ቀና ስትል አፏን አፏን እያዩ ነበር።

 «ይቀዝቅዝ» አሉ። «ትኩስ ሞተር ይዋሻል። ሲቀዘቅዝ ይከፈታል።» ካቻቢቴዋን በክብር ሳጥኗ ውስጥ መልሰው ወደ ሞርሳቸው ሄዱ፤ ቅድም የጀመሩትን ብረት መሞረድ ጀመሩ።

ሦስቱ ጀርባ ክፍል ገብተው ተቀመጡ። የሚኒባሱ ወንበር ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው፤ ወንድምና እህት ጎን ለጎን፣ ሐኪሙ ትይዩ ሳጥን ላይ። ሐኪሙ ካላንደሩን አነበበ፣ አንብቦ ጨረሰ፣ እንደገና ጀመረ። ከውጪ ሞረዱ ይሰማል። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሸፍኚለት?» አለ ወንድሟ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳያነሳ። መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ። «አንቺ እቃ ልትገዢ የሄድሽ ዕለት፣ ያቺ የጭነት መኪና ከክሪክ ላይ ተንሸራተተች። እሱ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ ነበር። ጮህኩ፤ እህት ዓለም፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ዞር አላለም። ጎማው ጫማውን ነክቶ ቆመ። እሱ ቀና ብሎ ‹መጣህ እንዴ?› አለኝ።» እጁን ጉልበቱ ላይ አሻሸው። «አባቴን ከመኪና ስር በጨርቅ ጠቅልዬ ማውጣት አልፈልግም። ለጎማ ነጋዴ ማከራየት አማረኝ ብለሽ ይሆናል። ያማረኝ መተኛት ነው።»

«ታዲያ እሱን ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ እነዚህ ሁለቱ በመልክም በጠባይም አይገጥሙም፣ ዝምታቸው ግን ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ነው። ሐኪሙ የቤተሰብ ወሬ ላይ መቀመጡ ጨነቀውና፣ ጨዋታ ለመለወጥ ያህል፣ «አሁን መናገር ይቻል እንደሆነ እንጃ እንጂ፣ ሁለት ጋራዥ ቫልቭ ነው ብለው ክፍተቱን አስተካክለውላት ነበር» አለ። «ጥቂት ቀን ዝም ትልና እንደገና ትጀምራለች።» መካኒኳ ቀና አለች። «በእኛም ሥራ እንዲህ ያጋጥማል» ቀጠለ ሐኪሙ፣ የሚያዳምጠው በማግኘቱ ደስ ብሎት። «ሰው የላይኛው ጥርሴን አመመኝ ብሎ ይመጣል። ከፍቼ ሳይ የላይኛው እንደ ድንጋይ ደህና ነው፤ የተበላው የታችኛው ነው። የሚጮኸውና የታመመው ሁልጊዜ አንድ አይደለም።» ይህን ሲል ነገሩ ገባት። ክፍተቱ ተስተካክሎም ድምፁ ከተመለሰ፣ ድምፁን የሚያመጣው ሌላ ነገር አለ። ይህን የማንም ተለማማጅ ያውቃል። ወንድሟ አፉን ባይዝበት ኖሮ እሷም ታውቀው ነበር፤ አባቷ ግን ማንም ሳይነግራቸው አውቀዋል፣ እሷ ደግሞ በሰው ፊት «አይሰማም» ብላቸዋለች። ሞረዱ ውጪ ቆመ።

ሞተሩ እጅ የሚያስቀምጥ ያህል ሲቀዘቅዝ አባቷ የላይኛውን ክዳን ራሳቸው አነሱ። ከስሩ የቫልቮቹ ስምንት ጥምዝምዝ ሞላዎች በተርታ፣ በእያንዳንዱ ራስ ላይ አንድ አንድ ክንድ፣ ሁሉም በዘይት አብረቅርቀው ታዩ። ክፍተት የሚለካባቸውን ስስ የብረት ቅጠሎች ከኪሳቸው አውጥተው ለሷ ዘረጉላት። «ለኪ» አሉ፤ ሌላ ቃል የለም። ለካች። የመጀመሪያው ልክ ነው፣ ሁለተኛው ልክ ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ጋ ስትደርስ ይህ አንድ ክፍተት ሰፍቶ እንዲገኝ ለመነች፣ ወዲያው ደግሞ እንዳይሰፋ ለመነች፤ የቱን እንደምትፈልግ አታውቅም። ቅጠሏ ገባች፣ ያዝ አድርጎ የሚለቅ ልከኛ መያዝ ያዛት። «ልክ ነው» አለች በማይሰማ ድምፅ። አባቷ ከንፈሯን አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እና ምንም የለባትም ማለት ነው?» አለ ወንድሟ። ሁለቱም ተሳስተዋል እንዴ የሚል ነገር ፊቱ ላይ መጣ። አባትየው በእጃቸው ጠቀሱት። «አንተ ና። ዛሬ የምፈልገው ያንተን ዓይን ነው። ጆሮ አንፈልግም፤ ዝም ብለህ እይ።» ትልቁን ቁልፍ ከሞተሩ ፊት ባለው ቡሎን ላይ አስገብተው በእጃቸው፣ በዝግታ፣ ሞተሩን ያዞሩት ጀመር። ሞላዎቹ ተራ በተራ ጎንበስ ይሉ ጀመር፤ ለትልቅ ሰው እጅ እንደሚነሱ ልጆች አንዱ ወገቡን ሰብሮ ቀና ሲል ሌላው ይቀጥላል። ሦስተኛው ጋ ተራው ሲደርስ አንደኛው ሞላ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ብቻ ተመለሰ፤ በመንገድ ላይ የተቀየመውን ሰው ሰላም እንደሚል ሰው። ወንድሟ የተወለወለ ጫማውን ረስቶ ዘይቱ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አጎነበሰ። «ይቺኛዋ አልወረደችም» አለ። «ድገመው አባዬ፣ ድገመው እስኪ።» ደገሙት። አሁንም ነቅነቅ ብቻ። ከታች የሚገፋት ጉብታ ተበልቶ አልቆ ነበር፤ ብረቱ ከስር ሲንገጫገጭ ድምፁ በቀጭኑ ብረት ሽቅብ ወጥቶ ነው ከላይ የሚጮኸው።

«እንዴት ሰማኸው?» አለ ወንድሟ፤ በዚህኛው ጊዜ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ በስልኩ ድምፅ።

«አልሰማሁትም» አሉ አባቱ። «ነከስኩት።»

ሐኪሙን ሳቁ አመለጠው። ሌላ የሳቀ የለም። አባትየው እጃቸውን እየጠረጉ ከአንገታቸው በክር የተንጠለጠለውን የጋራዡን ቁልፍ አወጡና በሰናፍጯ መኪና ፓራፋንጎ፣ በጎማዋ መሸፈኛ ላይ፣ ቀለሟን እንዳይጭር ተጠንቅቀው፣ አኖሩት። «ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል» አሉ፤ ዛሬ አየሩ ቀዝቅዟል እንደማለት። «እንደምታውቁም አውቃለሁ። ጎማ ነጋዴው ከትናንት ወዲያ በሩን በእርምጃ ሲለካ አይቸዋለሁ፤ ዓይኔ ደህና ነው። አንተም ጠዋት ዳቦ ይዘህ ስትገባ፣ ስኳር ስታማስልልኝ፣ ሞቼ ነው እንዴ ብያለሁ። ፈተናው ይሰማል አይሰማም ከሆነ፣ አልሰማሁም። ያውልህ።»

ወንድሟ ቁልፉን አየው። እጁ ከጎኑ አልተነሳም። ያኔ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ አባቱ አልሰሙም፣ የሱ ፊት ሲለወጥ ግን አዩ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ሊዘጋ ሲል አነሳው። «አቤት... አይ፣ ነገ አይሆንም። ሞተር ተፈትቷል እያልኩህ እኮ ነው። የሰው መኪና ሆዷ ተከፍቶ እንዴት ይዘጋል?... አላውቅም፣ ካሙ ተሠርቶ እስኪመጣ። ከዚያ በኋላም አላውቅም።» ዘጋና ወደ እህቱ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «ከመኪና ስር እሱ አይገባም። የምትገቢው አንቺ ነሽ። ይሄን ንገሪው። በጨርቅ አይደለም፣ በአፍሽ ንገሪው።» ሐኪሙን ይዞ ሄደ፤ ጫማው ከጋራዡ ደጃፍ እስከ መንገዱ ድረስ የዘይት ዱካ ጣለ። ቁልፉ ፓራፋንጎው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ማንም አላነሳውም።

ፀሐይ ወደ በሩ ዘንበል ስትል አባቷ መሣሪያዎቻቸውን ማጽዳት ጀመሩ። ካቻቢቴዋን ከሳጥኑ ልታቀብላቸው አነሳች፤ እጀታዋን ስትይዝ ጣቷ ሻካራ ነገር ነካ። ወደ ብርሃኑ አዞረችው። እንጨቱ ከጫፍ እስከ ወገቡ በጥርስ ተበልቷል፤ ዛሬ የተነከሰ አለ፣ ዘይት የጠጣ፣ የጠቆረ፣ በላዩ ሌላ የተነከሰበት አለ። የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። እጀታዋን እንደያዘች አባቷን አየቻቸው፤ ጥያቄው ፊቷ ላይ ነበር።

«ጨርቅሽ ብዙ ጊዜ ልክ ነው» አሏት ካቻቢቴዋን እየተቀበሏት። «የተሳሳተ ዕለት፣ አንቺ ወደ ቤት ስትሄጂ እኔ ነክሼ አስተካክለዋለሁ። ደንበኛው አያውቅም፣ አንቺም አታውቂም። ምን ችግር አለው? ዛሬ ግን ወንድምሽ ፊት ነበር፣ ቆይቼ ላስተካክለው አልቻልኩም።» ይህን ብለው ጀርባቸውን ወደ እሷ አዞሩና ቡሎኖቹን በየመጠናቸው ይለዩ ጀመር።

ስንቱን መኪና አሰበች። ስንቱን ማምሻ «ቀድመሽ ሂጂ፣ እኔ በሩን እዘጋለሁ» ያሏትን አሰበች። እሷ እሳቸውን ስትሸፍን፣ እሳቸው እሷን ሲሸፍኑ፣ ሁለቱም ደክሟቸው ነበር። «አባዬ» አለች። አልዞሩም። ዞራ ከፊታቸው መቆም ትችል ነበር፣ ከንፈሯን ያነቡላት ነበር፤ እንደ ወትሮው። አልዞረችም። ደረቷን በትንፋሽ ሞላችው።

«አባዬ! ተሳስቻለሁ! ይቅር በለኝ!»

ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። በግራ የአናጢው መጋዝ ቆመ፤ በቀኝ የልብስ ሰፊዋ ማሽን ቀጥ አለ። አባቷ ቡሎኑን እንደያዙ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ምን ያስጮኽሻል? ሰፈሩ ሰማ እኮ» አሉ።

«ይስማ!»

ትንሽ አይተዋት ቆዩ፤ ዛሬ ግን ከንፈሯን አይደለም የሚያዩት። «ድምፅሽን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ» አሉ። «እስኪ ድገሚው።»

ደገመችው።